አቮካዶ በጓሮ ማዳቀል፦ ቅንጣቢው ሳይደርቅ እንዲይዝ

በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አቮካዶ ከፍሬው ተክዬ 6 ዓመት ሞላው፤ ቁመቱ ጣሪያ አልፏል፣ አበባ ግን አላየሁም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቪዲዮ አይቼ አዳቀልኩ፤ በሳምንቱ ጠቆረብኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» ይላል። እስካሁን ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ሁሉንም አንድ ቦታ ልጻፈው።

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥም አስቀድሞ አይታወቅም። ደግሞም ዛፉ ልጅነቱን እስኪጨርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ማዳቀል የምለው የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሥር ባለው ሌላ ችግኝ ላይ ማጋጠምን ነው። ስታዳቅሉ ቅርንጫፉን የምትወስዱት ካፈራ ዛፍ ላይ ነው። ቅርንጫፉ ለአቅመ ፍሬ የደረሰ ስለሆነ፣ ከተተከለ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ማፍራት ይጀምራል። ፍሬውም የእናቱ ፍሬ ነው።

የሁለተኛው መልስ ይረዝማል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እሱ ነው። ተቆርጦ የመጣው ቅርንጫፍ ሥር የለውም። ከታችኛው ችግኝ ጋር እስኪገናኝ ውሃ የሚያቀርብለት የለም። ለ3 ሳምንት ገደማ በያዘው ስንቅ ብቻ ነው የሚቆየው። ስንቁ ካለቀ ይጠቁራል። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ሥራ ለሁለት ነገር ነው፦ ቅርንጫፉ እንዳይደርቅ፣ መገናኘቱም እንዲፈጥን። ይህን ከያዛችሁ አንዱን እርምጃ ብትረሱ እንኳ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ስለ ቃላቱ። የግብርና ባለሙያዎች ሥር የሚሰጠውን ሩትስቶክ፣ ከላይ የሚገባውን ሳዮን ይሉታል። እኔ «የታችኛው ችግኝ» እና «ቅንጣቢ» እላለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእርሳስ ውፍረት ያለው የአቮካዶ ችግኝ፣ በችግኝ ላስቲክ ውስጥ ያለ
- ካፈራ ጤነኛ ዛፍ የተቆረጠ ቅንጣቢ
- አዲስ ስለት የገባለት ካተር ወይም ምላጭ
- የዛፍ መቀስ
- ቀጭን፣ የሚለጠጥ ግልጽ ላስቲክ። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አድርጋችሁ ቆራርጡት። ንጹህ ስስ ፌስታል ይሆናል
- ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ጠባብ ግልጽ የላስቲክ ከረጢት
- 70 ፐርሰንት አልኮል፣ ወይም 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ
- እርጥብ ጋዜጣ ወይም ጨርቅ
- ዝርያውንና ቀኑን የምትጽፉበት ቁራጭ ፕላስቲክና የማይለቅ ማርከር

ናስትሮ አትጠቀሙ። ብዙ ሰው ቤት ስለሚገኝ ይቀለዋል፤ ነገር ግን ሙጫው ልጣጩ ላይ ይጣበቅና በኋላ ስትፈቱት ገና የዳነውን ቁስል ይዞት ይነሳል።

መቼ ይሠራል?

ሐምሌና ነሐሴን እለፉት። አፈሩ በውሃ ይጠግባል፣ ፀሐይ ይጠፋል፣ ላስቲኩ ውስጥ ሻጋታ ይገባል። ነፋስና ደረቅ ሙቀት የሚበረታበትንም ጊዜ እለፉ። እኔ የምሠራው ቢሾፍቱ ነው፤ የካቲት ላይ እዘራለሁ፣ መስከረም መጨረሻ አዳቅላለሁ፣ በሚቀጥለው ሰኔ መሬት ላይ እተክላለሁ። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ቆላ ከሆነ ችግኙ ቶሎ ይደርሳል፣ ደጋ ከሆነ ይዘገያል። ስለዚህ ከወሩ ይልቅ የእናት ዛፉን እምቡጥ እዩ። እንዴት እንደሚታይ ቁጥር 3 ላይ አለ።

የትኛው ዝርያ?

አገራችን ውስጥ ሃስ፣ ፉርቴ፣ ኢቲንገር፣ ናባል፣ ፒንከርተን ይገኛሉ። ሃስ ሲበስል የሚጠቁረው፣ ልጣጩ ወፈር ያለው ነው። ፉርቴና ኢቲንገር በስለውም አረንጓዴ ናቸው።

ስትመርጡ አንድ ነገር አስቡ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አንዴ እንደ ሴት፣ አንዴ እንደ ወንድ። ሃስና ፒንከርተን ጠዋት በሴትነት ይከፈቱና በማግስቱ ከሰዓት በወንድነት ይመለሳሉ። ፉርቴና ኢቲንገር ደግሞ ከሰዓት በሴትነት ተከፍተው በማግስቱ ጠዋት ወንድ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ሃስ እና አንድ ፉርቴ አጠገብ ለአጠገብ ካላችሁ አንዱ የአበባ ዱቄት ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል። ብቻውን የቆመ ዛፍም ያፈራል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ይሻላል። ለሁለት ዛፍ ቦታ ከሌላችሁ ጎረቤታችሁ ምን እንደተከለ ጠይቁና ሌላውን ዓይነት ምረጡ።

አሠራሩ

1. የታችኛውን ችግኝ ከዘር አሳድጉ።

ፍሬውን ከዛፉ ላይ የተቀጠፈ አድርጉት፤ መሬት ላይ የወደቀውን ተዉት። አቮካዶን በብዛት የሚገድለው የሥር ማበስበስ በሽታ አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የወደቀ ፍሬ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ቴርሞ ሜትር ያለው ሰው ዘሩን ከ49 እስከ 50 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢያቆየው በሽታውን ያጠፋዋል። ቴርሞ ሜትር ከሌላችሁ በግምት አትሞክሩት፤ ትንሽ ከበለጠ ዘሩ ይቀቀላል።

ቡናማውን ቅርፊት ልጡ። ከሹል ጫፉ በጣም ስስ ቁራጭ ቀንሱለት፤ ብቅለቱን ያፈጥነዋል። ሰፊው በኩል ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ይተከል። ጫፉ ከአፈሩ ትንሽ ብቅ ይበል። የአቮካዶ ዘር እንደ ባቄላ ደርቆ አይቀመጥም፤ በበላችሁ ሰሞን ዝሩት።

አፈሩ 3 ጣሳ የጫካ ወይም የላይኛው አፈር፣ 2 ጣሳ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 ጣሳ አሸዋ ይሁን። አሸዋው ውሃ እንዲያልፍ ነው። የችግኝ ላስቲኩ ቁመት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሥሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ አጭር ላስቲክ ውስጥ ይጠቀለላል። የተጠቀለለ ሥር መሬት ከገባ በኋላም አይቃናም። ከታች ቀዳዳዎች መኖራቸውን እዩ።

2. ችግኙ መድረሱን አረጋግጡ።

መቁረጫ ቦታው፣ ማለትም ከአፈሩ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ የእርሳስ ውፍረት ካለው ደርሷል። ቀጭን ከሆነ ሲሰነጠቅ ቅንጣቢውን አጥብቆ መያዝ አይችልም። ከማዳቀላችሁ በፊት ባለው ቀን በደንብ አጠጡት። ውሃ የጠጣ ችግኝ ሲቆረጥ እርጥብ ነው፤ ቁስሉ ቶሎ ይሽራል።

3. ቅንጣቢውን ምረጡ።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እጃችሁ ምንም ቢሠለጥን፣ ያልሆነ ቅንጣቢ አይዝም።

እናት ዛፉ ያፈራ፣ ፍሬውን ቀምሳችሁ የወደዳችሁት ይሁን። የታመመ ዛፍ በሽታው ከቅንጣቢው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ፍሬው ወይም አረንጓዴ ቅርንጫፉ ላይ ቢጫ ሰረዝ ካለበት ዛፍ አትውሰዱ። ከዛፉ ፀሐይ የሚያገኘውን ጎን ፈልጉ። ውስጥ ተሸሽጎ የበቀለ ቅርንጫፍ ቀጭንና ስንቅ የሌለው ነው።

አሁን ጫፉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጥሩ ቅንጣቢ ይህን ይመስላል፦ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነው ጠንክረዋል። እንጨቱ አረንጓዴ ነው፤ ስታጎብጡት ግን ይቋቋማል፣ እንደ ጎመን ግንድ አይልምም። ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ ወፈር ብሎ ተነፍቷል፤ ግን አልተከፈተም። ልክ የስንዴ ፍሬ እንደሚያህል፣ ዙሪያውን ትናንሽ እምቡጦች ከበውት ታዩታላችሁ። ይህ ሲሆን ስንቁ ጫፉ ላይ ተሰብስቧል፤ ከተገናኘ በኋላ ወዲያው ያድጋል ማለት ነው።

ሦስት ዓይነቱን ተዉ። ቅጠሉ ቀይ ወይም ፈዛዛ የሆነው ገና ለጋ ነው፤ በሁለት ቀን ይጠወልጋል። እምቡጡ የተከፈተው ስንቁን ጀምሯል። የአበባ እምቡጥ ያለበት ደግሞ ከያዘ በኋላ አበባ ያወጣና ቅጠል ሳያበጅ ይሞታል። የአበባ እምቡጥ ከቅጠል እምቡጥ ወፈርና ክብ ያለ ነው፤ ከተጠራጠራችሁ አንዱን ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ።

4. ቁረጡ፣ ቅጠሉን አንሱ፣ ጠቅልሉ።

ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ቁረጡ። ርዝመቱ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ወዲያው፣ እዚያው ዛፉ ሥር ሆናችሁ፣ ቅጠሎቹን ቁረጡ። ውሃ የሚተነው በቅጠል ነው። ቅጠሉን የያዘውን ጭራ ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉለት፤ እምቡጡን ይጠብቀዋል፣ በኋላም መያዙን ለማወቅ ይጠቅማችኋል።

በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጉ። ጋዜጣው ተጨምቆ የማይንጠባጠብ ይሁን፤ ውሃ ውስጥ የዋለ ቅንጣቢ ይሻግታል። በተቻለ መጠን የዚያኑ ዕለት ተጠቀሙበት። ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ፣ አትክልት የሚቀመጥበት መሳቢያ ላይ፣ ጥቂት ቀን ይቆያል። ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ግን ሞተ።

መጀመሪያ የሠራኋቸው 12 ችግኞች ሁሉም ደረቁብኝ። አቆራረጤን ስወቅስ ከረምኩ። ምክንያቱ ግን መንገዱ ነበር። ቅንጣቢውን ቅጠሉን ሳላነሳ ባዶ ከረጢት ውስጥ አድርጌ፣ በፀሐይ 2 ሰዓት ተጉዣለሁ። ቤት ስደርስ አረንጓዴ ነበር፤ ጫፉን በጣቴ ስነካው ግን ለስልሶ ይታጠፍ ነበር። ያኔ መጣል ነበረብኝ። እናንተ ጫፉ ከለሰለሰ አትድከሙበት፤ ሌላ ቁረጡ።

5. የታችኛውን ችግኝ ቁረጡና ሰንጥቁ።

ስለቱንና መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። በበረኪና ከሆነ አለቅልቃችሁ አድርቁት፤ በረኪና ብረት ያዝጋል። በየ5 ችግኙ መልሳችሁ ጥረጉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በሽታ የሚያሻግረው ስለቱ ነው።

ችግኙን ከአፈሩ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከመቁረጫው በታች ከ3 እስከ 5 ቅጠል ተዉለት። ቅጠሎቹ ሥሩን ይመግባሉ፤ ሁሉንም ገፍፎ ባዶ እንጨት መተው ችግኙን ያደክመዋል። ከዚያ መሃል ለመሃል 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሰንጥቁት።

ጥንቃቄ፦ ስንሰነጥቅ ስለቱ አንዴ ያልፍና ወደ ሌላው እጅ ይመጣል። ችግኙን የምትይዙበት እጅ ከስለቱ በታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን። ወደ ታች በኃይል አትግፉ፤ ስለቱን ቀስ አድርጋችሁ ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ አስገቡት። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ምላጩን መሬት አታስቀምጡ።

6. ቅንጣቢውን እንደ ሽብልቅ ጥረቡ።

እንጨት ፈላጭ የሚጠቀምበትን ሽብልቅ አስቡ። የቅንጣቢውን ታች በሁለት ጎን፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ጫፍ እየሳሳ እንዲሄድ ጥረቡ። ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን።

ቁም ነገሩ አንድ ጎን በአንድ ምት መውጣቱ ነው። እንደ እርሳስ እየላጋችሁ ብትቀርጹት ፊቱ ጎርበጥ ይላል፤ ጎርበጥ ያለ ፊት ሲጋጠም መሃሉ አየር ይቀራል። አየር ያለበት ቦታ ላይ ቁስል አይገጥምም። ስለቱን በሰውነታችሁ ተቃራኒ አቅጣጫ ያዙ፣ ክርናችሁን አጥብቁ፣ እጃችሁን ሳይሆን ክንዳችሁን ሳቡ። ጥሩ የተቆረጠ ፊት ብርሃን ላይ ስታዩት ያብረቀርቃል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ቀጥ ያለ ነገር ብታስጠጉበት ክፍተት የለውም።

ቅንጣቢውን ከማውጣታችሁ በፊት በማንኛውም የጓሮ ቅርንጫፍ 20 ወይም 30 ጊዜ ተለማመዱ። እጃችሁ ሲለምድ አንዱ በ1 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ፍጥነቱ የሚያስፈልገው የተቆረጠው ፊት አየር ሲያገኝ ስለሚደርቅና ስለሚጠቁር ነው። የተጠረበውን ፊት በጣታችሁ አትንኩ፤ አፋችሁ ውስጥም አታስገቡት።

7. አስገቡ፣ ልጣጭ ከልጣጭ ይግጠም።

አንድ ትርፍ ቅርንጫፍ በጥፍራችሁ ፋቁ። መጀመሪያ አረንጓዴ ልጣጭ ታገኛላችሁ። ከሥሩ፣ ነጩ እንጨት ላይ ሳትደርሱ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ እርጥብና አዳላጭ ሽፋን አለ። ካምቢየም ይባላል። የሚያድገውና የሚገጥመው ይህ ብቻ ነው። መሃሉ ያለው እንጨት ከእንጨት ጋር አይገጥምም።

ስለዚህ የቅንጣቢውና የችግኙ ውፍረት እኩል ከሆነ በሁለቱም ጎን ይገጥማል፤ ደህና ነው። ቅንጣቢው ከቀጠነ መሃል ላይ አትትከሉት፤ ወደ አንድ ጎን አስጠግታችሁ በዚያ በኩል ልጣጭ ከልጣጭ ይገናኝ። መሃል የቆመ ቀጭን ቅንጣቢ ሲያዩት ያምራል፣ ግን በየትኛውም በኩል ስለማይነካ ይደርቃል። ከደረቁት ችግኞች ብዙውን ሰንጥቄ ስመለከት የማገኘው ይህንኑ ነው።

ከተጠረበው ፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ከስንጥቁ በላይ እንዲታይ ተዉ። ቁስሉ እዚያ ላይ ነጭ ሥጋ ያበጅና ከላይ ያጠናክረዋል።

8. ከታች ወደ ላይ እሰሩ።

ላስቲኩን ከስንጥቁ በታች ጀምሩና ወደ ላይ እየጠቀለላችሁ ውጡ። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ግማሽ ይደርብበት፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ። ከላይ ወደ ታች ከጠቀለላችሁት ውሃ በየድርቡ ይገባል። ስትጠቀልሉ ላስቲኩን ለጠጥ አድርጉት። ሁለቱን ፊት የሚያጣብቀው ይህ ጉልበት ነው። የታየውን ቁስል ሁሉ ሸፍኑ፣ ጫፉን በመጨረሻው ዙር ሥር አሳልፋችሁ ሳቡ። ቅንጣቢውን ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት፤ ከተወዛወዘ ፍቱና እንደገና እሰሩ።

9. ከረጢት አልብሱት።

ጠባቧን ከረጢት ከላይ አልብሳችሁ ከማሰሪያው በታች ቋጥሩ። ውስጡ እርጥብ አየር ስለሚቆይ የቅንጣቢው ውሃ አይተንም። ከረጢቱ እምቡጡን እንዳይነካ ትንሽ አየር ይያዝ። በማግስቱ ላስቲኩ ላይ ጠል ታያላችሁ፤ ጥሩ ነው።

ዝርያውንና ቀኑን ጽፋችሁ አሁኑኑ እሰሩበት። ከወር በኋላ ሁሉም ችግኝ አንድ ይመስላል።

10. ጥላ ስጡት፣ ውሃ አታብዙበት።

ቀጥታ ፀሐይ ያረፈበት ከረጢት ውስጡ ይፈላል። ዳስ ሥር፣ ሼድ ኔት (የጥላ መረብ) ሥር ወይም ከግድግዳ በስተሰሜን ባለው ጥግ አስቀምጡት። ጨለማ ክፍል ግን አይሆንም፤ የታችኛው ቅጠል ብርሃን ይፈልጋል።

ውሃ ከመስጠታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። አቮካዶ ከጥማት ይልቅ ጭቃ ይገድለዋል። ማዳበሪያም አሁን አትስጡ፤ የሚጠቀምበት አዲስ ቅጠል ገና የለም።

11. መያዙን እወቁ።

ከ2 እስከ 3 ሳምንት ምንም አትንኩ። ከፍቶ ማየት ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው ችግኙን የሚያጣው በሳምንቱ «እስቲ ልየው» ብሎ ሲፈታ ነው። ያን ጊዜ የተገናኘው ነገር ከሸረሪት ድር አይጠነክርም።

በከረጢቱ ውስጥ ማየት ይበቃል። ቅንጣቢው አረንጓዴ ከሆነ ተስፋ አለው። የተዋችሁት የቅጠል ጭራ ቢጫ ሆኖ በራሱ ከወደቀ፣ ቅንጣቢው ሕያው ነው። ጭራው ጠቁሮና ተጨማዶ እዚያው ከቀረ ቅንጣቢው ሞቷል። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ እምቡጡ ይፈነዳል።

የሞተውን አትጣሉት፤ ማለቴ የታችኛውን። ከማሰሪያው በታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ቁረጡትና በአዲስ ቅንጣቢ ሞክሩ።

12. ከታች የሚወጣውን ቡቃያ ንቀሉ።

አንድ አባት «ያዘልኝ!» ብለው የችግኙን ፎቶ አሳዩኝ። ለምለም፣ ስንዝር ያህል ያደገ ቡቃያ ነው። ፎቶውን ሳጎላው ከማሰሪያው በታች የወጣ ነው፤ ከላይ ያለው ቅንጣቢ ጠቁሯል። 3 ወር ሙሉ ውሃ ያጠጡት ያንኑ የዘሩን ችግኝ ነበር።

ከማሰሪያው በታች የሚወጣ ማንኛውም ቡቃያ የታችኛው ችግኝ ነው። ሥር ስላለው ከቅንጣቢው ይቀድማል፣ ውሃውንም ይወስድበታል። በየሳምንቱ ለጋ ሳለ በጣት ንቀሉት። የቀሩትን ያረጁ ቅጠሎች ግን ቅንጣቢው የራሱን ቅጠል እስኪያበጅ ተዉለት። ይህ ሥራ መሬት ከተተከለ በኋላም ለዓመታት ይቀጥላል።

13. ከረጢቱን በደረጃ አንሱ።

አዲሱ ቡቃያ ከረጢቱን መንካት ሲጀምር መጀመሪያ ጫፉን ብቻ ቅደዱ። ከ3 ወይም 4 ቀን በኋላ፣ ወደ ማታ ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ አውልቁት። እርጥብ አየር የለመደ ለጋ ቅጠል በቀትር በአንዴ ከወጣ ይቃጠላል።

ማሰሪያው 2 ወይም 3 ወር ይቆይ። ልጣጩን እየሰረሰረ፣ ግንዱ ከላይና ከታች ካበጠ ግን ቀደም ብላችሁ አንሱት። በስለት ከጎን በኩል ላስቲኩን ብቻ ቅደዱት፤ መፍታት አያስፈልግም። ከላስቲኩ ሥር ያለው መጋጠሚያ ነጣ ያለ፣ ዙሪያውን የሞላ ጠባሳ ከሆነ በደንብ ገጥሟል። ለ1 ወር ያህል ፀሐዩን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ አለማምዱት።

14. መሬት ላይ ትከሉ።

ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከመትከላችሁ በፊት ውሃ ሙሉበት። በማግስቱም ውሃው ከቆመ ቦታው አይሆንም፤ ወይ ሌላ ቦታ ፈልጉ ወይ አፈር ቆልላችሁ ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉ። በሁለት ዛፍ መካከል ከ6 እስከ 8 ሜትር ተዉ።

መጋጠሚያው ከአፈሩ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሁን። ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ወይም ቅንጣቢው የራሱን ሥር ያወጣል። የችግኝ ላስቲኩን ስትቀድዱ የአፈሩ ኳስ አይፍረስ። ዙሪያውን ጉዝጓዝ አልብሱ፤ ግንዱን ግን አንድ ጋት ያህል ይራቅ። ግንዱ ለጋ ስለሆነ በቀጭን የኖራ ውሃ ነጭ ቀቡት፤ ፀሐይ ልጣጩን እንዳይጠብሰው ነው።

የተዳቀለ ችግኝ በ1 ዓመቱም ሊያብብ ይችላል። ደስ ቢልም አበባውን ቁረጡ። በዚያ ዕድሜው ፍሬ የተሸከመ ችግኝ ማደግ ያቆማል።

ማንጎ፣ ሎሚና ፖምስ?

«አቮካዶን ማንጎ ላይ ማዳቀል ይቻላል?» የሚል ጥያቄም ይደርሰኛል። አይቻልም። ሥጋቸው ስለማይዛመድ አይገጥሙም። ማንጎ በማንጎ፣ አቮካዶ በአቮካዶ ነው።

ማንጎን በዚሁ በሽብልቅ መንገድ መሥራት ይቻላል። የሚለየው ቅጠሉን ቅንጣቢው ከመቆረጡ 1 ሳምንት ወይም 10 ቀን በፊት፣ ዛፉ ላይ እንዳለ ማንሳት ነው፤ እምቡጡን ያነፋዋል። ሲቆረጥ የሚፈሰው ወተት ቆዳ ስለሚያቆስል ጓንት አድርጉ። ብርቱካንና መንደሪን በኮምጣጤ ብርቱካን ወይም በሎሚ ችግኝ ላይ ይሠራሉ፤ ለእነሱ ግን ሙሉ ቅንጣቢ ሳይሆን አንድ እምቡጥ ከነልጣጩ ልጣጭ ሥር ማስገባት ይለመዳል። ፖም ለደጋ ነው፤ ጨንቻና አካባቢው እንደሚሠሩት፣ ቅጠሉን አራግፎ ባረፈበት ወቅት ይዳቀላል።

ጣሪያ ያለፈውንስ ዛፍ?

ከፍሬ ተክላችሁ ዓመታት የጠበቃችሁትን ዛፍ አትንቀሉት። ሥሩ ትልቅ ሀብት ነው። ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ላይ ቁረጡት፤ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ እንደ ሞግዚት ተዉለት፣ ሥሩን እንዲመግብ። የተቆረጠውን ግንድ ኖራ ቀቡ።

ወፍራሙን ግንድ በቀጥታ፣ ልጣጭ ሥር ቅንጣቢ በማስገባት የሚያዳቅሉ አሉ። ለጀማሪ ግን የምመክረው ሌላ ነው። ጥቂት ወራት ጠብቁ። ከግንዱ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። በተለያየ አቅጣጫ ያሉ ጠንካራ 3 ወይም 4 ምረጡ፣ ሌላውን አንሱ። የመረጣችኋቸው የእርሳስ ውፍረት ሲደርሱ ከቁጥር 5 እስከ 9 ያለውን እያንዳንዳቸው ላይ ሥሩ። አንዱን ሃስ፣ አንዱን ፉርቴ ማድረግ የምትችሉትም እዚህ ነው፤ አንድ ዛፍ ላይ ሁለቱም ዓይነት አበባ ይኖራችኋል። ጥላውን ለእያንዳንዱ ከረጢት በወረቀት ሾጣጣ አበጁለት። ፉርቴው ይበልጥ ስለሚበረታ ሃሱን እንዳይሸፍንበት በየዓመቱ ቀንሱለት። የሞግዚቱን ቅርንጫፍ የምትቆርጡት አዲሶቹ ቢያንስ 1 ሜትር ካደጉ በኋላ ነው።